የቆስጠንጢኖስ ልጅ

ሾዴ ከእንቅልፏ የነቃችው ባሏ ቶለሳ የቤት ሠራተኛቸውን ሙኒያን «ኪስሽን ገልብጪ» ሲላት ሰምታ ነው። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ሳሎን ስትወጣ ልጅቷ የሽርጧን ኪስ ወደ ውጭ ገልብጣ ቆማለች፤ እግሯ ሥር አንድ የፀጉር ማስያዣና የማስቲካ ወረቀት ወድቋል። ቶለሳን ግን ይህ አልበቃውም። ከማድቤቱ ጋር ወደ ተያያዘችው የሙኒያ ክፍል ገብቶ ሻንጣዋን እየጎተተ አመጣና ሳሎኑ መሀል ዘረገፈው። ሁለት ቀሚስ፣ የውስጥ ልብስ፣ ለእናቷ የገዛችው ገና ከላስቲኩ ያልወጣ ሻርፕ፣ የመስገጃ ምንጣፍ። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ስንቱን ያስተማረ ሰው፣ ተንበርክኮ የሰው ልጅ የውስጥ ልብስ አንድ በአንድ ሲያራግፍ ሾዴ ማየት አቅቷት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ምን ጠፋ?» አለችው።

«የቆስጠንጢኖስ ልጅ» አለ ቀና ሳይል።

እዚያ ቤት ውስጥ ይህን ስም ማስረዳት አያስፈልግም። ቶለሳ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ቡልጋሪያ ተልኮ ሳለ፣ ማሳውን ሲያርስ ካገኘ አንድ ገበሬ እጅ የገዛው የሮማ የወርቅ ሳንቲም ነው። መግዣ ስላልነበረው ካፖርቱን አውልቆ ሰጥቶ፣ ያን የበረዶ ክረምት በሹራብ ብቻ እንዳሳለፈ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይተርካል። ሳንቲሙ ላይ የተቀረጸው የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ፣ ለአክሱሙ ኢዛና ደብዳቤ የጻፈው ንጉሥ ነው። «የጸሐፊው ፊት ይኸውና እኔ ቤት ነው ያለው» ይል ነበር ቶለሳ፣ ጠርዙን ብቻ በሁለት ጣቶቹ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞረ። እንግዳ እንዲነካው አይፈቅድም። ሾዴም ብትሆን በትዳር ዘመኗ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ መዳፏ ላይ አድርጋው አታውቅም።

ቤታቸው ከቁስቋም ማርያም ቁልቁል በሚወርደው የኮብልስቶን መንገድ ዳር ነው። ሁለት መኝታ ቤት አለው፤ አንደኛው የባልና ሚስቱ፣ ሌላው፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ደህናው፣ የሳንቲሞቹና የኒሻኖቹ። እዚያ ውስጥ ቶለሳ ራሱ ለክቶ ያሠራው ባለ ብዙ መሳቢያ ቁምሳጥን ቆሟል፤ መሳቢያዎቹ በአረንጓዴ ጨርቅ ተለብጠው ለእያንዳንዱ ሳንቲም መተኛ ተቆርጦለታል። አብዛኞቹ አረንጓዴ ዝገት ያለበሳቸው የሮማ መዳቦች ናቸው፤ ጥቂት የአክሱም አለ፤ ማርትሬዛ ብር አለ። ግድግዳው ላይ ደግሞ በመስታወት ውስጥ ኒሻኖች ተደርድረዋል፤ ከኮሪያ ዘማች፣ ከአርበኛ፣ ከደርግ መኮንን ሚስቶች እጅ የተገዙ፣ ጥብጣባቸው የደበዘዘ። ቶለሳ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አጉሊ መነጽሩን ይዞ ውሎው እዚያ ነው። አንድ ልጃቸው ኦልያድ ግን ያደገው ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። እግሩ ከሶፋው ማለፍ ሲጀምር ሾዴ ጫፉ ላይ በርጩማ ቀጠለችለት። አሁን የስልክ ጠጋኝ ሆኖ፣ ጢም አውጥቶ፣ እጮኛ ይዞ፣ የሚተኛው እዚያው ነው። አባትና ልጅ ከተኳረፉ ሰንብተዋል። በአንድ ገበታ ቀርበው «ልጅሽን በሩን ዝጋ በይው» ይላል ቶለሳ፤ «አባባን ተዘግቷል በይው» ይላል ኦልያድ፤ ሾዴ በመሀል የሁለቱን ቃል ታመላልሳለች።

ሳንቲሙን ማን እንደወሰደው ሾዴ ያወቀችው ስሙ ሲጠራ ወዲያውኑ ነው። ከትናንት ወዲያ፣ ቶለሳ ለቅሶ ሊደርስ በወጣበት ሰዓት፣ የታጠበውን መጋረጃ ልትሰቅል ክፍሉን ስትከፍት ኦልያድን ቁምሳጥኑ አጠገብ ቆሞ አግኝታው ነበር። «ቻርጀር ፈልጌ ነው» አላት። ስልክ ጠጋኝ ቻርጀር አጥቶ እዚያ ክፍል ውስጥ? ነገሩ ቅር ቢላትም ዋጥ አደረገችው። አሁንም ቶለሳ ጋቢውን ደርቦ ሲወጣ፣ ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ ሲመለስ፣ አንደኛው ሙኒያን «ተነሽ» ሲላት፣ በሩን ተደግፋ ታይ ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎ ይንገሯቸው እንጂ» አለች ሙኒያ፣ ሻርፗን እየተከናነበች። «እኔ እዚያ ክፍል ከጋሼ ጋር ካልሆነ ገብቼ አላውቅም። ያውቃሉ።»

«ይጣራ፣ ልጄ» አለች ሾዴ። «ሄደሽ ይጣራ፣ በቃ።»

የተናገረችው ይህችኑ ብቻ ነው። ጎረቤቱ በየበሩ ወጥቷል። ውሃ ልትቀዳ የቆመችው ሊሚ ጀሪካኗን አስቀምጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከታች ያለው ሱቅ ባለቤት ሳቢት፣ ልጅቷን ካገሩ ከወሎ አምጥቶ ተያዥ ሆኖ ያስቀጠራት፣ ሱቁን ክፍት ጥሎ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ ቶለሳ፣ ይቺን ልጅ የማውቃት ከነእናቷ ነው። ከተገኘባት እኔንም ጨምረው ያሳስሩኝ» አለ። ቶለሳ ፊቱን አዞረበት። ውሃ የሚጠብቀው ሰልፈኛ እየተገፋፋ፣ ልጅቷ በሁለት ፖሊሶች መሀል ስትወርድ እስከ መታጠፊያው በዓይኑ ሸኛት፤ ከመንገዱ ማዶ ሸንኮራና በቆሎ የዘረጉት ሴቶች አጨብጭበው «ኡኡቴ» አሉ።

ሾዴ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ ወጣች። የኦልያድ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። ሽሮ ሜዳ ደርሳ፣ በተንጠለጠሉት የሀበሻ ቀሚሶች መሀል እየተሹለከለከች፣ ልጇ የሚሠራበትን ጠባብ የስልክ ሱቅ አገኘችው። ኦልያድ መብራት ሥር አጎንብሶ የአንድ ስልክ ሆድ እየፈታ ነበር። እናቱን ሲያያት ካቻቢቴውን አስቀመጠና ወደ ውጭ ወጣ። የመብራት ምሰሶው ሥር ቆሙ።

«ኦሊ፣ የአባትህን ወርቅ መልስ» አለችው።

ለመካድ አልሞከረም። «አወቀ?»

«ሙኒያን ፖሊስ ወሰዳት።»

ኦልያድ ፊቱ ተለዋወጠ። «ሙኒያን? እሷ ምን አገባት?»

«ምንም አላገባትም። አንተ ስጠኝ ብቻ፤ ምንጣፍ ሥር አገኘሁት እላለሁ፣ መጋረጃው ውስጥ ተሸሽጎ እላለሁ፣ ለዋሾ ምክንያት አይጠፋም። ስጠኝና ልሩጥ።»

«የለም፣ እማ» አለ። «እ... ማለቴ፣ እኔ ጋ የለም። ቀለበት እየተሠራ ነው።»

ነገሩን ተንተባትቦ አወጣው። እሑድ ለእጮኛው ለኪያ ቤተሰቦች ሽማግሌ ይልካል። አባቷ ኩሩ ናቸው፤ ባዶ እጁን የመጣ ሰው አይወዱም። የወርቅ ዋጋ ደግሞ ሰማይ ነክቷል፤ የስልክ ጠጋኝ ደመወዝ ለብር ቀለበት እንኳ አይደርስ። ካኮረፈ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ኩራቱን ውጦ አባቱን ለምኖት ነበር፤ ከዚያ ሁሉ አንዷን እንዲሰጠው። «ምን አለኝ መሰለሽ? እኔ ስሞት ሁሉም ያንተ ነው አለኝ። እንዲሞት ልጠብቅ? ለኔ የሚገባኝን ቀደም ብዬ ወሰድኩ፣ በቃ።» ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ። ሾዴ ሶፋው ጫፍ ላይ የቀጠለችው በርጩማ ፊቷ ላይ መጣባት፤ ልቧ ለልጇ ሲያደላ ተሰማት፤ በዚያች ቅጽበት ሙኒያ ከልቧ ወጥታ ነበር። ይህን ራሷ አወቀችውና ደነገጠች።

«ወርቅ ሠሪው የት ነው? ምናልባት አልነካው ይሆናል» አለች።

ወርቅ ሠሪው ማቲያስ የድሮ ሱቁ ፒያሳ ሲፈርስ ዕቃውን ጠቅልሎ ቀጨኔ፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ ሠፈር በላይ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ገብቷል። እናትና ልጅ ታክሲ ሳይጠብቁ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም በእግራቸው አቋረጡት።  ሾዴ ከፊት ትሮጣለች፤ ኦልያድ ከኋላ ስልኩን እያየ ይከተላል። የመድኃኔዓለም ደጅ ላይ ስትደርስ ልታማትብ እጇን አነሳች፤ ምን ብላ እንደምትለምን ግን ጠፋት። ሙኒያን አውጣልኝ? ልጄን ሰውርልኝ? ሁለቱን አንድ ላይ መለመን ድፍረት መሰላትና አልፋው ሄደች።

ማቲያስ በሩ ላይ ተቀምጦ በጨርቅ የሚወለውለውን ቀለበት ከሩቅ አየችው። ቀጭን፣ ቢጫ፣ እንደማንኛውም ቀለበት የሆነ ቀለበት። አጠገቡ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

«ይኼ ነው?» አለች።

«እሱው ነው፣ እናቴ። አላማረም?» አለ ማቲያስ። ከዚያ የእናትየውንና የልጅየውን ፊት እያፈራረቀ አይቶ ጨርቁን አስቀመጠ። «የሴት አያቴ ነው ብሎኝ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ሳቀልጠው ከብዶኝ ነበር። ሰው አለበት። የሚያይ ዓይን አለው። አንገቱ እስኪጠፋ ድረስ ዝም ብዬ ሳየው ነበር።»

«ተመልሶ እንደነበረ አይሆንም?»

ማቲያስ የሕፃን ጥያቄ የጠየቀችው ይመስል በርኅራኄ አያት። «ወርቅነቱ እንዳለ ነው፣ እናቴ። ሰውዬው ግን ሄዷል።»

ሾዴ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ እጇን ዘረጋች፤ ቀለበቱን መዳፏ ላይ አደረገላት። ገና ሞቅ ያለ ነበር። ባሏ ወደ ብርሃን እያዞረ ሲያየው የኖረው ወርቅ እጇ የገባው ፊቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ለኦልያድ አቀበለችውና ተነሳች።

«አሁን ጣቢያ እንሄዳለን። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ። አባትህ ነው፣ አያሳስርህም።»

«ያሳስረኛል፣ እማ። ከኔ ይልቅ ያንን ሳንቲም ነው የሚወደው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ካሳሰረኝ ደግሞ ወሬው ኪያ ቤት ይደርሳል፣ ያኔ አለቀ።» ትከሻዋን ያዛት። «ሙኒያ ላይ ምንም ማስረጃ የላቸውም። ይለቋታል። እሑድ እስኪያልፍ ብቻ ዝም በይ። እሑድ እስኪያልፍ ብቻ።»

«እስከ እሑድ እስር ቤት ትደር?»

ኦልያድ መሬት መሬቱን እያየ «አንቺም እኮ ጠዋት ዝም ብለሻል» አላት።

 እዚያው የሸክላ ገል የተዘራበት ጭንጫ መንገድ ላይ ትታው ብቻዋን ወረደች።

ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሙኒያ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ሳቢት አጠገቧ ቆሟል፤ የገዛላት ዳቦ ሳይቆረስ ጭኗ ላይ ነው። ልጅቷ ሾዴን አይታ አልተነሳችም። ውስጥ፣ መርማሪዋ ጠረጴዛ ፊት፣ ቶለሳ የሳንቲሙን ፎቶግራፍ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሾዴ አልተቀመጠችም። ከገባች በኋላ የምትለውን ልታሰናዳ ብታስብ ድፍረቷ እንደሚከዳት ስላወቀች፣ ከበሩ ላይ ሆና ተናገረችው።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት። ልጅቷን ልቀቋት።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ንብረቱ የት አለ?»

«ሽንት ቤት ጣልኩት።»

«ለምን?»

ለዚህኛው ውሸት አላስፈለጋትም። «ስለጠላሁት» አለች። «ከተጋባን ጀምሮ ሳንቲሙን ጠልቼዋለሁ። ፀሐይ የሚገባበትን ቤት ወሰደብኝ። ልጄን ሶፋ ላይ አሳደገብኝ። ይኼ ሰው እሱን በሁለት ጣቱ እንደሚይዘው አንድ ቀን እጄን ይዞኝ አያውቅም።»

 ሾዴ ባሏ እንዲጮህባት ጠበቀች። ሽንት ቤት ወደቀ ቢባል ቶለሳ ጉድጓዱን አስቆፍሮ በገዛ እጁ የሚያጠልል ሰው ነው፤ አንዲት መዳብ የወለል ጣውላ ሥር ገብታበት ግማሹን ወለል ነቅሏል። አሁን ግን «መቼ?» አላለም። «የትኛው ጉድጓድ?» አላለም። ፎቶግራፉን ኪሱ ከተተና ለመርማሪዋ «የቤት ጉዳይ ነው፤ አቤቱታዬን ትቻለሁ» አለ። መርማሪዋ ሁለቱንም በጥርጣሬ አየቻቸው፤ በሐሰት ሰው መክሰስ ምን እንደሚያስከትል በቁጣ ነገረቻቸው፤ ቶለሳ የተሰጠውን ሁሉ ፈርሞ ወጣ።

ሾዴ በረንዳው ላይ ደረሰችበት። «አልጠየቅኸኝም» አለችው። «ታውቃለህ። ከጠዋት ጀምሮ ታውቃለህ።»

ቶለሳ ግንቡን ተደግፎ ቆመ። ጋቢው ውስጥ በአንድ ቀን ያነሰ መሰላት። «ቁምሳጥኑ አልተሰበረም» አለ። «በቁልፍ ነው የተከፈተው። ቁልፉን የት እንደማስቀምጥ ያሳየሁት ለሱ ብቻ ነው፤ የሞትኩ ቀን እንዲረከበኝ ብዬ። አንቺም አታውቂው።»

«ታዲያ ይቺን የሰው ልጅ ለምን?»

«ምን ላድርግ? ልጄን አላነጋግረው። ስሙን ጠርቼ ሌባ ብለው ልጅ የለኝም ማለት ነው። እሷ መያዟን ሲሰማ ደንግጦ ይመልሰዋል ብዬ ነው።» ከዚያ ቀስ ብሎ «አለ?» አላት። «ወርቁ አለ?»

«ቀልጧል።»

ቶለሳ ዓይኑን ጨፈነ። ሾዴ ልታዝንለት ፈለገች፤ ግን ዞር ስትል ሙኒያና ሳቢት ከኋላቸው፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመዋል። መታወቂያዋን ሊቀበሉ የመጡ ናቸው። ሁሉንም ሰምተዋል። ሳቢት «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለና ልጅቷን በክንዷ ይዞ ወደ በሩ ወሰዳት።

ሾዴ ቤት ስትደርስ ሙኒያ ሻንጣዋን ሳሎኑ መሀል ዘርግታ ጠዋት የተራገፈውን ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ልታግዛት ጎንበስ አለች። ሙኒያ ቀሚሱን ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችባት።

«ይቅር በይኝ፣ ሙኒዬ።»

«ጠዋት ጋሼ የጠፋውን ሲነግሩዎት ፊትዎን አይቻለሁ፣ እትዬ» አለች ሙኒያ ማጣጠፏን ሳታቆም። «ወዲያው ነው የገባኝ። ማን እንደሆነም ገብቶኛል። እሱም ትናንት ማታ ያለወትሮው ሳሕኑን ራሱ አጠበ።»

«ካወቅሽ ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

ሙኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ማን ሊያምነኝ?» አለች። «አሁንስ ማን ሊያምነኝ? ሠፈሩ ሁሉ ፖሊስ ሲነዳኝ አይቷል። እርስዎ ያሉትን የሰማችው መርማሪዋ ናት። እናቴ ጋ የሚደርሰው የትኛው ነው?» የሻንጣውን ዚፕ ዘጋች። የሠራችበትን ሳቢት እንዲቀበልላት ነግራ ወጣች። ቶለሳ ከሳንቲሞቹ ክፍል አልወጣም።

 ሾዴ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለቻት። ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነው። ሳቢት ሱቅ ፊት ለፊት የማታ ዳቦ የሚጠብቁ ሴቶች ተሰልፈዋል። ሙኒያ ሻንጣዋን ተደግፋ ጥግ ላይ ቆማለች፤ ሳቢት እህቱ ቤት የሚያደርሳትን ሰው እየጠበቀላት ነው። ሴቶቹ ከሻንጣዋ ጋር ያላቸውን ርቀት ጠብቀው ቆመዋል።

«አይዞሽ እቴ» አለች ሊሚ ሾዴን ስታያት። «እንኳን ተገላገልሽ። እኔ ድሮም ብያለሁ፤ ሠራተኛና ድመት አይታመንም።»

ሾዴ ሙኒያን አየቻት። ልጅቷ ጫማዋን እያየች ነው።

«ልጄ ነው የወሰደው» አለች ሾዴ፣ ለራሷ እንኳ በቅጡ በማይሰማ ድምፅ።

«ምን አልሽ?»

«ልጄ ነው አልኩሽ! ኦልያድ ነው። ወርቁን የሰረቀው ኦልያድ ነው። እሷ ምንም አልነካችም። እኔም፣ አባቱም እያወቅን ነው ያሳሰርናት።»

 ሳቢት ስኳር የሚመዝንበት እጁ አየር ላይ ቀረ። ሊሚ ዘምቢሏን ካንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች፤ የምትለው አጥታ ወደ ዳቦው ዞረች። የኪያ አክስት ከታች በኩል ባለው ቤት እንደምትኖር፣ ይህ ቃል ሳይመሽ እዚያ እንደሚደርስ፣ እሑድም ሽማግሌ የሚባል ነገር እንደማይኖር ሾዴ አወቀች።  ወደ ቤቷ ስትመለከት ቶለሳ በሩ ላይ ወጥቶ ቆሟል፤ ከሥራ የገባው ኦልያድም ከጎኑ። ምን እንዳለች መስማታቸውን ከዚህ ማወቅ አይቻልም። ብቻ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው ያዩዋታል።

«ሾዴ! ነይ ግቢ!» አለ ቶለሳ።

ልትሄድ አንድ እግሯን አነሳች። ያኔ ሙኒያ አጠገቧ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም። በአገጯ ከመንገዱ ማዶ፣ ሸንኮራና በቆሎ ዘርግተው ወደ ተቀመጡት፣ ጠዋት ስትነዳ አጨብጭበው «ኡኡቴ» ወዳሉት ሴቶች አመለከተች።

«እትዬ» አለች፣ «እነዚያ አልሰሙም።»

ሾዴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና መንገዱን ተሻገረች።